የአምስት ዶላሯ ካርድ እና የቴሌ ዶላር

ሰሞኑን ስለ ሐዋላ ዋጋና ስለ ውጭ ምንዛሪ ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ወደ ኋላ መለስ ብዬ ስለ ሌላ ነገር ላውራችሁ፤ ስለ ርካሽ የስልክ ጥሪ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት የሁለቱ ታሪክ አንድ መሆኑን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

በሰፈራችን ስልክ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የባለቤቷ ልጅ በራችን ላይ መጥቶ "ከአሜሪካ ነው!" ብሎ ሲጮህ እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል ትሮጣለች፤ እኛም ከኋላዋ። ያኔ ያላወቅነው ነገር፣ እኛ በኮረኮንቹ ስንሮጥ እዚያ ማዶ የእህቴ ካርድ ደቂቃው እየተበላ መሆኑን ነው። እናቴ እያለከለከች "ሄሎ" ስትል ሦስት ደቂቃ ሄዷል። አባታችን ያረፈ ጊዜ፣ እዚያ ያሉ ዘመዶች ማለዳ ሄደው ካረዷት በኋላ እህቴ ደወለች። እዚህም እዚያም ለቅሶ ሆነ። መሀል ላይ መስመሩ ጭጭ አለ። ካርዱ አልቆ ነበር። ሌላ ካርድ ገዝታ እስክትደውል ድረስ እናቴ "አልነሳም" ብላ ከሰው ቤት ተቀምጣ ጠበቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አብሮኝ አለ። ያቺ ደቂቃ ለምን ያን ያህል ውድ ሆነች? ኋላስ ማን አረከሳት? ሲረክስስ ማን ከሰረ?

ስልክ አገራችን የገባው ከብዙዎች ቀድሞ ነው። ቴሌ ታሪኩን የሚቆጥረው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ራሱን የቻለ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፣ የመሥሪያ ቤቱም ስም ተለዋውጧል። ያልተለወጠው ነገር ስልክ ሻጩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ድፍን ሰባ ዓመት የቆየው እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 2022 ድረስ፣ ሳፋሪኮም ሥራ እስኪጀምር ነው።

ይህ ግን የእኛ ጠባይ ብቻ አልነበረም። አብዛኛው ዓለም እንዲሁ ነበር። የሁለት አገር ቴሌዎች ለአንድ ደቂቃ ጥሪ ዋጋ ይስማማሉ። አሜሪካ ያለው ኩባንያ ከደዋዩ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ከዚያ ላይ ጥሪውን ተቀብሎ ለሰውየው ላደረሰው አገር ድርሻውን ይከፍላል። ሂሳቡ ሲወራረድ ብዙ የሚደወልለት አገር ተከፋይ፣ ብዙ የሚደውል አገር ከፋይ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት። ልጆቹ የተሰደዱበት ድሃ አገር ሁልጊዜም ተደዋይ ነው። ስለዚህ የስደተኛው ናፍቆት ለአገሩ ቴሌ ዶላር ያስገባ ነበር። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ገቢውም ከፍ ይላል። ዋጋውን ለመቀነስ የሚቸኩል ሰው ያልነበረው ለዚህ ነው።

ግንቡ መሰንጠቅ የጀመረው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው ግዙፍ ኩባንያ በፍርድ ቤት ስምምነት ተከፋፈለ፤ ኤምሲአይና ስፕሪንትም በረጅም ርቀት ጥሪ ተፎካካሪ ሆነው ወጡ። የአሜሪካ ኑሮን የቀመሳችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ በ10-10 የሚጀምሩትን ቁጥሮች። ከቤት ስልክ ላይ መጀመሪያ ያንን ኮድ መትቶ ቀጥሎ የሚፈልጉትን ቁጥር ሲደውሉ፣ ጥሪው የወር ሂሳብ በሚከፍሉበት ኩባንያ ሳይሆን በሌላው በኩል ያልፋል። በ1990ዎቹ ማስታወቂያው ቴሌቪዥኑን ሞልቶት ነበር።

ሁለተኛው ብልሃት መልሶ መደወል፣ ኮልባክ የሚባለው ነው። ሃዋርድ ጆናስ የተባለ የኒውዮርክ ነጋዴ እስራኤል ውስጥ ቢሮ ከፍቶ የስልክ ሂሳቡ ቢያንገበግበው፣ ከአሜሪካ ወደ እስራኤል መደወል ከእስራኤል ወደ አሜሪካ ከመደወል በጣም እንደሚረክስ አስተዋለ። ከውጭ ያለው ሰው አሜሪካ ላለች አንዲት ማሽን ይደውላል፤ ሳይነሳ ይዘጋል። ስላልተነሳ አይከፈልበትም። ማሽኗ መልሳ ትደውልለትና የአሜሪካን መስመር ታቀብለዋለች። ጆናስ በ1990 ያቋቋመው አይዲቲ የተባለው ኩባንያ በዚህ አደገ። ነገሩን ስትሰሙት አዲስ አልመሰላችሁም አይደል? እኛ "ሚስድ ኮል አድርግልኝ" የምንለው ነው። ድሃ ሁሉ የሚያውቀውን ዘዴ ሰውየው ማሽን አድርጎ ሸጠው።

ሦስተኛዋ የእህቴ ካርድ ናት። ዋሽንግተንም ሆነ ሌላ ከተማ ከሐበሻ ሱቅ ገብታችሁ በርበሬና እንጀራ ስትገዙ ከባንኮኒው ላይ ተደርድራ ትታይ ነበር። ሁለት ዶላር፣ አምስት ዶላር፣ አሥር ዶላር። ብርማውን ፍቆ፣ የከተማውን ቁጥር ደውሎ፣ የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ፣ ከዚያ 011-251 ብሎ መቀጠል ነበር። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ቀሪ ደቂቃ ትነግራችሁ ነበር። ከጀርባው የነበረው ሥራ ቀላል ነበር፤ ካርድ አሳታሚው ደቂቃን በጅምላ ይገዛል፣ ጥሪውን በተከራየው መስመር፣ ኋላም በኢንተርኔት ያሳልፋል፣ እኛ ደግሞ በችርቻሮ እንገዛው ነበር።

ችርቻሮው ግን ንጹህ አልነበረም። ጥሪው እንደተነሳ የሚቆረጥ ክፍያ አለ፤ በየሳምንቱ ሳትደውሉም የሚቀነስ አለ፤ አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ያወራችሁት ወደ ብዙ ደቂቃ የሚጠጋጋበት አለ። ሁሉም ከካርዱ ጀርባ በደቃቃ ፊደል ተጽፏል፣ ያውም በሰው ቋንቋ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በርካታ ካርድ ሻጮችን ሲከስ፣ ተገዝተው የተፈተኑት ካርዶች የሰጡት ደቂቃ ካስተዋወቁት ግማሽ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የእህቴ ካርድ በለቅሶ መሀል ያለቀበትን ምክንያት የተረዳሁት ያኔ ነው።

በዚህ መሀል ትልልቆቹም ተጣሉ። አሜሪካ በየዓመቱ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሌሎች አገሮች ቴሌ እከፍላለሁ ብላ ስታማርር ቆይታ፣ በ1997 የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኗ ጣሪያ አወጣ። ድሃ ለሚባሉ አገሮች ጣሪያው በደቂቃ 23 ሳንቲም ሆነ፤ እንደኛ ስልክ ከመቶ ሰው ለአንዱ እንኳ ላልደረሰባቸው እስከ 2003 መግቢያ ጊዜ ተሰጣቸው። ብዙ አገሮች "ይህ በእኛ ገቢ ላይ አሜሪካ ብቻዋን የወሰነችው ነው" ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው መሠረት የለውም አልልም።

የእኛ መንግሥት መልስ ሕግ ነበር። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍን ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ብሎ፣ መልሶ መደወልንም ሆነ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ መሸጥን በዓመታት እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። ያኔ የውጭ ሚዲያዎች "ኢትዮጵያ ስካይፕ ከለከለች" ብለው ሲጽፉ፣ መንግሥት በግል መጠቀምን አልከለከልኩም ብሎ አስተባብሏል።

ቴሌን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ሲም ቦክስ። ብዙ ሲም ካርድ የጎረሰች ሣጥን ናት። ከውጭ በኢንተርኔት የመጣውን ጥሪ ተቀብላ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ትለቀዋለች። ልጃችሁ ከዱባይ ሲደውል በ09 የሚጀምር የማታውቁት ቁጥር የሚታያችሁ ለዚህ ነበር። ዶላሩ ውጭ ይቀራል፤ ቴሌ የሚያገኘው የአገር ውስጥ ታሪፍ በብር ነው። ብዙዎች በዚህ ተከሰዋል፣ ታስረዋልም።

እንግዲህ ማን ትክክል ነበር? የሲም ቦክስ ነጋዴውን ጀግና ላደርገው አልፈልግም። ያ የጠፋው ዶላር ለገጠር ስልክ ማማ መትከያ ይሆን ነበር የሚለው ክርክር ቁም ነገር አለው። ግን ሌላውንም ጎን እንይ። ያ ገቢ የተሰበሰበው ከማን ነበር? ከሀብታም ነጋዴ አልነበረም። ታክሲ ከሚነዳው፣ አረጋውያን ከምትጦረው፣ ቤይሩት ሰው ቤት ከምትሠራው ነው። በአገሩ ሥራ ያጣን ሰው፣ ተሰድዶ እናቱን ደህና አደርሽ ሲል ማስከፈል ቀረጥ ነው፤ ያውም ከሁሉ ይልቅ የናፈቀው ብዙ የሚከፍልበት ቀረጥ። ሰዎች አቋራጭ የፈለጉት ሕግ ስለሚጠሉ አይደለም። ዋናው በር ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ነው። በሩን ማስፋት እየተቻለ አጥር ዘላዩን ማሳደድ ተመረጠ።

መጨረሻው ምን ሆነ? ካርዷንም ሲም ቦክሱንም ያዳከማቸው ፖሊስ አይደለም። ቫይበር፣ ኢሞ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም መጡ። ሳዑዲ ዓረቢያ እንኳ ለዓመታት ዘግታው የቆየችውን የኢንተርኔት ጥሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ከፈተች። ዛሬ እናቴ የልጅ ልጆቿን በምስል እያየች፣ ቡና እስኪፈላ ታወራለች። ደቂቃ የሚቆጥር የለም።

ሆኖም ደቂቃዋ ከረከሰች በኋላ ሌላ ነገር ተማርን። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ትግራይ ውስጥ ስልኩ ሲጠፋ፣ ውጭ ያለው ልጅ የፈለገውን ያህል ዶላር ቢኖረው እናቱን ማግኛ ካርድ ከየትም ሱቅ አልነበረም፤ በነሐሴ 2023 ደግሞ አማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘጋ። በዋጋ ይደረግ የነበረው አሁን በማብሪያ ማጥፊያ ይደረጋል።

ወደ ሐዋላው ልመለስ። ዛሬ 200 ዶላር ወደ አፍሪካ ለመላክ በአማካይ 8 በመቶ ገደማ ይቆረጣል። ዓለም በ2030 ወደ 3 በመቶ ለማውረድ ቃል ገብቷል። ሰዉ በጎን በኩል ሲልክ "የአገር ፍቅር የለውም" የሚለው ስብከት እንደገና ይሰማል። ያንኑ ስብከት በቴሌ ዘመን ሰምተነዋል። ስደተኛውን ወደ ዋናው በር የመለሰው ስብከትም እስራትም አልነበረም፤ ዋናው በር ርካሽ፣ ግልጽና የማይዘጋ ሲሆን ራሱ መጣ።

በናንተ ቤትስ ያ የካርድ ዘመን እንዴት አለፈ? ስልክ ያለው ጎረቤታችሁ ማን ነበር? በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ እናነባለን።