ስደተኛው ያቆመው መስጊድ

እ.ኤ.አ. በ750 ደማስቆ ላይ መንግሥት ተገለበጠ። አዲሶቹ ገዢዎች አባሲዎች የወደቀውን የኡመያ ቤተሰብ ዘር ማንዘር እያሳደዱ ሲፈጁ፣ የኸሊፋ ሂሻም የልጅ ልጅ አብዱራህማን የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ነበር። ፈረሰኞች ሲደርሱበት ከታናሽ ወንድሙ ጋር ኤፍራጥስ ወንዝ ውስጥ ዘለለ። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ታናሹ የምሕረት ቃል አምኖ ከመካከል ቢመለስ፣ አብዱራህማን ከማዶ ሆኖ ወንድሙ ሲታረድ አየ። ከዚያም በፍልስጥኤምና በግብፅ በኩል አድርጎ ወደ እናቱ ወገኖች፣ ወደ ሰሜን አፍሪካ በርበሮች ተሰደደ። አምስት ዓመት ያህል ከተንከራተተ በኋላ በ755 ባሕሩን ተሻግሮ ስፔን ገባ፤ በዓመቱም ኮርዶባን ይዞ አሚር ሆነ።

ቢነግሥም የአገሩ ናፍቆት አልለቀቀውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሠራውን ቤተ መንግሥት፣ አያቱ ሶርያ ውስጥ በነበራቸው ስፍራ ስም ሩሳፋ ብሎ ሰየመው። እንደ እርሱ ከአገሯ ርቃ ስለበቀለች አንዲት የተምር ዛፍ ግጥም እንደጻፈም ይነገርለታል። ደማስቆን ግን ዳግመኛ አላያትም።

ታላቁን የኮርዶባ መስጊድ ማሠራት የጀመረው በ785 ገደማ፣ ሊሞት ሦስት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ግንበኞቹ ከፈራረሱ የሮማውያንና የቪሲጎቶች ሕንፃዎች ምሰሶ ለቀሙ። ምሰሶዎቹ ግን አጫጭር ነበሩ፤ ቁመታቸውም እኩል አልነበረም። አንዱን ከሥሩ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ አስተካከሏቸው። ጣሪያው እንዳያጥር ደግሞ በምሰሶዎቹ ላይ ሁለት ቅስት ደራረቡ። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የታችኛው ምሰሶዎቹን አያይዞ ሲያጸና፣ የላይኛው ጣሪያውን ይሸከማል። ቀይ ሸክላና ነጣ ያለ ድንጋይ እያፈራረቁ ስለገነቧቸው፣ የቅስቶቹ ዝንጉርጉርነት ዛሬም የሕንፃው መታወቂያ ነው።

ተከታዮቹ ገዢዎች መስጊዱን ሦስት ጊዜ ሲያሰፉት ይህን የአሠራር ስልት አልለቀቁም። በ10ኛው መቶ ዘመን ዳግማዊ አልሐከም ሚህራቡን ሲያሠራ፣ ክርስቲያኑ የቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት የሞዛይክ ባለሙያ እንደላከለት ተጽፏል።

በ1236 ንጉሥ ፈርዲናንድ ሣልሳዊ ኮርዶባን ሲይዝ መስጊዱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አልፈረሰም። በ1523 ጳጳሱ አሎንሶ ማንሪኬ መካከሉን አፍርሰው ካቴድራል ለመሥራት ሲነሡ፣ የተቃወሟቸው ክርስቲያኖቹ የከተማው ሹማምንት ነበሩ። በማፍረሱ ሥራ የሚሳተፍ ሁሉ በሞት እንዲቀጣ እስከማወጅ ደረሱ። ንጉሡ ቻርልስ አምስተኛ ግን ፈቀደ። ኋላ መጥቶ ሲያየው፣ በዓለም አንድ ብቻ የነበረውን ነገር አጥፍተው በየትም የሚገኝ ነገር እንደሠሩ ተናግሮ አዘነ ይባላል።

ሕንፃው በ1984 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዛሬም የካቶሊክ ካቴድራል ነው፤ ሙስሊሞች እንዲሰግዱበት አይፈቀድም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2006 በስሟ ካስመዘገበችው ወዲህ፣ የማን ነው የሚለው ክርክር በስፔናውያን መካከል ሲነሣ ቆይቷል።

አብዱራህማን የተከለው የኡመያ መንግሥት በ1031 ጠፋ። እርሱ ከሰው ፍርስራሽ ያስለቀማቸው ምሰሶዎች ግን፣ ከዚያ ወዲህ ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ዛሬም ጣሪያ ተሸክመው ቆመዋል።