ኳስ ማቀበልና ኳስ መቀበል፤ ታሪኩና ለቡድናችን ያስተማረው

«ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ስለ ሥራና ስለ ችግር የተነገረ ቢሆንም በሜዳ ላይ ላለችው አንዲት ኳስም ይሠራል። ኳስ ለአንድ ተጫዋች ሸክም ናት፤ ለ11 ተጫዋቾች ግን ጌጥ ናት። የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን ምን እንጻፍ ብለን በስፖርት ክበባችን በተመካከርን ጊዜ፥ ስለ ድላችን ከምንጽፍ ስለ ሽንፈታችን ብንጽፍ ይበልጥ ይጠቅማል በማለት ይህን አርእስት መረጥን።

የሽንፈታችን ነገር እንዲህ ነው። በትምህርት ቤታችን የላይ ጋይንትና የታች ጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ልጆች አብረን እንማራለን። ከሩቅ ቀበሌ የመጣነው በከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተን፥ ስንቃችንን ከወላጆቻችን እያመጣን እንኖራለን። የአንድ አገር ልጆች በአንድ ቤት ስለምናድር፥ ሳናስበው በሜዳም ላይ የምንፈልገው የቤታችንን ልጅ ብቻ ነበር። የስማዳው ለስማዳው፥ የእስቴው ለእስቴው፥ የጋይንቱም ለጋይንቱ ያቀብላል። የአገሩ ልጅ በአጠገቡ ከሌለ ደግሞ ኳሷን ራሱ ይዞ እየገፋ ይሄዳል፤ ወይም ዐይኑን ጨፍኖ ወደ ሰማይ ይለጋታል።

ባለፈው ዓመት ከእንግዳ ቡድን ጋር በተጋጠምን ጊዜ 3 ለ0 ተሸነፍን። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የስፖርት መምህራችን አልተቆጡንም። ሰብስበው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ ይኸውም በግራ ክንፍ የተሰለፈው ጓደኛችን በጨዋታው ሁሉ ስንት ጊዜ ኳስ እንደ ነካ ነው። ማንም መልስ አልነበረውም። በመጨረሻ ልጁ ራሱ «አራት ጊዜ፤ አራቱንም ጊዜ በእጄ» አለ። ከዳር የወጣውን ኳስ ሲወረውር መሆኑ ነው። አንዳንዶቻችን ሳቅን፤ ወዲያው ግን አፈርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ መቀባበል ከየት እንደ መጣ፥ ማንስ እንዳስተማረው ለመመርመር ተነሣን።

ባገኘነው ታሪክ መሠረት እግር ኳስ ሲጀመር የቅብብል ጨዋታ አልነበረም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1863 የማኅበራቸውን ደንብ ሲጽፉ፥ ኳሱን ከያዘው ጓደኛው ቀድሞ ወደ ፊት የቆመ ተጫዋች ከጨዋታ ውጭ እንዲሆን አድርገው ነበር። እንግዲህ ወደ ፊት የሚቀበል ሰው ከሌለ ወደ ፊት የሚያቀብልም አይኖርም። ስለዚህ አንዱ ኳሷን በእግሩ እየገፋ ወደ ጠላት ግብ ይገሠግሣል፤ ሌሎቹም ቢነጠቅ ለማንሣት ከኋላው ይከተሉታል። እ.ኤ.አ. በ1866 ደንቡ ተሻሽሎ፥ በተቀባዩና በግቡ መካከል ሦስት ተቃራኒዎች እስካሉ ድረስ ወደ ፊት መቀበል ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ ሦስቱ ወደ ሁለት ዝቅ አሉ። ደንቡ ለተቀባዩ ቦታ በሰጠ መጠን ጨዋታው እየተዋበ ሄደ።

ደንብ ብቻውን ግን ልማድን አይለውጥም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 1872 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ቡድኖች በግላስጎ ከተማ ተጋጠሙ። ይህ በሁለት አገሮች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው ይፋዊ የእግር ኳስ ግጥሚያ ነው። እንግሊዞቹ በሰውነት የከበዱና በግል ችሎታቸው የታወቁ ነበሩ። ስኮትላንዶቹ ግን ቀለል ያሉ ሆነው፥ ሁሉም ክዊንስ ፓርክ ከሚባለው ከአንድ ክለብ የመጡ ነበሩ። በጉልበት መግፋት እንደማያዋጣቸው ስላወቁ ኳሷን እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ተጫወቱ። ውጤቱ 0 ለ0 ሆነ። ኃይለኛውን በጉልበት ሳይሆን በመተባበር ማቆም እንደሚቻል በዚያ ቀን ታየ። ከዚያ ወዲህ ቅብብል የስኮትላንዶች ጥበብ ተብሎ እስኪጠራ ድረስ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ።

በአሜሪካም በእጅና በእግር በሚጫወቱት በሌላው የኳስ ዐይነት ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በዚያ ጨዋታ ኳስን ወደ ፊት ወርውሮ ማቀበል ክልክል ስለ ነበር፥ ተጫዋቾች እየተገፋፉ ብዙ ወጣቶች ይጎዱ፥ ይሞቱም ነበር። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ። ብዙዎቹ ኮሌጆች ግን የቆየውን ልማድ አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1913 በጋ ኖትር ዳም የሚባለው ኮሌጅ ሁለት ተማሪዎች፥ ጋስ ዶራይስና ክኑት ሮክኒ፥ በኢሪ ሐይቅ ዳር በሚገኝ መዝናኛ ሥራ ተቀጥረው ሳሉ፥ በትርፍ ጊዜያቸው በአሸዋው ላይ መወርወርና እየሮጡ መቀበል ተለማመዱ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኮሌጃቸው የጦር አካዳሚውን ብርቱ ቡድን 35 ለ13 አሸነፈ። እኛን ያስደነቀን ወርዋሪው ብቻ ሳይሆን ተቀባዩም መለማመዱ ነው። ቀድሞ ተቀባዩ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ሮክኒ ግን ኳሷ ወደምትወድቅበት ስፍራ በሩጫ ደርሶ ይቀበላት ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ብዙ ሳይቆይ የጠላት ወረራ መጣ፤ በወረራው ዘመን የክለቡን ስም ሳይቀር «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 የተደረገውን ውድድር ያሸነፈው የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ነበር። በውድድሩ የግሪኮች፥ የአርመኖችና የኢጣልያኖች ቡድኖችም ነበሩበት። ወጣቶቻችን ከእነዚህ ሁሉ ጋር እየተጋጠሙ ተማሩ። ከመካከላቸው ስሙ ከሁሉ በላይ የሚጠራው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ። ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስና በብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል፤ በኋላም አሰልጣኝ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስካረፈበት እስከ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገ ጊዜ፥ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለ ወጣች ኢትዮጵያ ሳትጋጠም ለፍጻሜ ደረሰች። የካቲት 9 ቀን ግን በግብጽ 4 ለ0 ተሸነፈች። አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ ግብጽ እንደገና 4 ለ0 አሸነፈችን። የእኛን 3 ለ0 ከዚህ ጋር ስናስተያየው ትንሽ ተጽናናን። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በመጽናናት ብቻ አልቀሩም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በኢትዮጵያና በግብጽ መካከል ተደረገ። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመሩ። ጨዋታው 4 ለ2 ተፈጸመ፤ ዋንጫውንም ሉቺያኖ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። መንግሥቱ ወርቁ የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነው። የተለያየ አገርና የተለያየ ክለብ ልጆች በአንድ ማልያ ሥር ሆነው ኳሷን ባይቀባበሉ ኖሮ ያ ዋንጫ ባልተገኘም ነበር። ይህን ባነበብን ጊዜ ስማዳ፥ እስቴ፥ ጋይንት እያልን በአንዲት ትንሽ ሜዳ መከፋፈላችን እጅግ አሳፈረን።

ከዚያ ድል 51 ዓመት በኋላ፥ በዚያው ቀን ጥር 13፥ በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከረዥም ጊዜ መቅረት በኋላ በደቡብ አፍሪካ በአፍሪካ ዋንጫ ተሰለፈች። ተጋጣሚዋ የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛችን በቀይ ካርድ ስለ ወጣ ቡድናችን በ10 ሰው ቀረ፤ ግብም ተቆጠረበት። ሆኖም ተስፋ ሳይቆርጡ ተጫውተው አዳነ ግርማ የአቻነቷን ግብ አገባ፤ 1 ለ1 ተለያዩ። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይመራ ከነበረው ከዚህ ቡድን የተማርነው አንድ ሰው ሲጎድል የሚተካው የቀሩት ሰዎች መተጋገዝ መሆኑን ነው። ወደ አካባቢያችን ስንቀርብም የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ አንሥቷል። እንግዲህ ይህ ጥበብ ከእኛ አገር ልጆች የራቀ አይደለም።

የእኛ አካባቢ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። አባቶቻችን በገና ሰሞን በቆልማማ በትር ሩር ይመቱ ነበር። በዚያ ጨዋታ የተጫዋቹ ቁጥር የተወሰነ አይደለም፤ አርቆ የመታ ይወደሳል። እንደምንገምተው አርቆ የመምታት ፍቅራችን ከዚያ የተወረሰ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን የነፋስ መውጫ ከተማ ስሟን ያገኘችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጋይንት ደጋ ወደ ሰማይ የተለጋች ኳስ ነፋሱ ወደ ወደደው ይወስዳታል። በከፍታ ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነም ኳስ ከታሰበው በላይ ትርቃለች። በመሬት ላይ የምትሄድ ኳስ ግን ለነፋስ አትታዘዝም። በልጅነታችን ከጨርቅና ከአሮጌ ካልሲ የሠራናት ኳስም ይህንኑ ስታስተምረን ኖራለች፤ አትነጥርም፥ ሩቅም አትሄድም። ስለዚህ ለጓደኛ በቅርብ ከማቀበል በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረንም። የቆዳ ኳስ ያገኘን ዕለት ያንን ትምህርት ረሳነው።

ከዚህ በኋላ በመምህራችን መሪነት ልምምዳችንን ለወጥን። አንደኛ፥ ስምንት ሆነን ክብ እንሠራለን፤ ሁለት በመካከል ገብተው ኳሷን ለመንጠቅ ይሞክራሉ፤ ያስነጠቀ ወደ መካከል ይገባል። ሁለተኛ፥ ተቀባዩ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ዘወር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። ሦስተኛ፥ ቆሞ አይጠብቅም፤ ወደ ኳሷ ይሄዳል፥ ወይም ተከላካዩን ትቶ ባዶ ወደ ሆነው ስፍራ ይሮጣል። አራተኛ፥ ያቀበለ ሰው ሥራው አላለቀም፤ ወዲያው ተንቀሳቅሶ ራሱ ተቀባይ ይሆናል። አምስተኛ፥ በልምምድ ጊዜ ለአገሩ ልጅ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ማቀበል ተከለከለ። ይህ አምስተኛው ደንብ ከሁሉ ይልቅ አስቸገረን። በመጀመሪያው ሳምንት እርስ በርሳችን የማንተዋወቅ እስክንመስል ድረስ ተደናበርን። የጓደኛን እግር፥ ፍጥነቱንና የሚወደውን ጎን ለማወቅ አብሮ መዋል ያስፈልጋልና።

ዘንድሮ ከዚያው ቡድን ጋር እንደገና ተጋጠምን። እውነቱን ለመናገር አሁንም 2 ለ1 ተሸነፍን። ነገር ግን ያገባናት አንዲት ግብ እንዴት እንደ መጣች እንናገር። በረኛችን ኳሷን በእጁ አንከባልሎ ለጋይንቱ ተከላካይ ሰጠ፤ እርሱ ለእስቴው አማካይ፥ የእስቴው ለስማዳው፥ የስማዳውም በግራ ክንፍ ወደ ባዶው ስፍራ ለሚሮጠው ለዚያ ለተረሳው ልጅ አቀበለ። ልጁም አንድ ጊዜ አስተካክሎ መታ፤ ገባች። ከዳር ተቀምጦ በደብተሩ ይቈጥር የነበረ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፥ ልጁ በዚያ ቀን ኳስ የነካው 31 ጊዜ መሆኑን ነገረን። አንዱንም አላልቀስንም፥ አልተጣላንምም፤ ከሜዳ የወጣነው ተቃቅፈን ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን፤ ወላጆቻችን ልጆቻቸውን ከስማዳ ቆላና ከጉና ተራራ ሥር ወደዚህ ሲልኩ ስንቃቸውን ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ነው። የላኩን በአንድ ቤት ተዘግተን ከአገራችን ልጅ ጋር ብቻ እንድንኖር አይደለም። ዘንድሮ ቤት በተከራየን ጊዜ አምስት የቡድናችን ልጆች ተቀላቅለን አንድ ቤት ይዘናል፤ ሁለቱ ከእስቴ፥ ሁለቱ ከስማዳ፥ አንዱ ከታች ጋይንት ናቸው። ስንቃችንም በአንድ መሶብ ይቀርባል። ከእኛ በኋላ ለምትመጡት ታናናሾቻችን የምናስረክባችሁ ዋንጫ የለንም። የምናስረክባችሁ ያችን አንዲት ግብና የመጣችበትን መንገድ ነው። ተቀብላችሁ ወደ ፊት አቀብሏት።