የደም ቅዳ መቀደድና የአራስነት ወራት

ነፍሰ ጡር በሰላም ስትገላገል ዘመድና ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። በዚህ የደስታ ቃል ውስጥ አደጋው አልፏል የሚል እምነት አለ። ይሁን እንጂ የስትሮክ ምርምር ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ከአደጋዎቹ አንዱ ይበልጥ የሚያሰጋው ከወሊድ በኋላ ነው።

ነገሩን በቧንቧ መመሰል ይቻላል። የቧንቧ ውስጠኛ ልባጥ ተልጦ መተላለፊያውን ሲያጠብ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ውሃው ከመድረሻው ሲጠፋ ነው። ወደ አንጎል የሚያልፉት የአንገት ደም ቅዳዎችም ግድግዳቸው ሦስት ንብርብር ነው። ውስጠኛው ሲቀደድ ደም በንብርብሮቹ መካከል ሰርጎ መተላለፊያውን ያጠባል፤ በሥፍራው የረጋውም ደም ተገንጥሎ ወደ አንጎል ሲደርስ ስትሮክ ያስከትላል።

ይህን ለመረዳት ረዥም ዘመን ፈጅቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1658 የስዊሱ ሐኪም ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር በድንገት ወድቀው የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምሮ፣ በአንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም ለሞት እንደሚያበቃ አስታወቀ። በሕይወት ያለን ሰው የአንጎል ደም ሥር ማየት የተቻለው ግን በ1927 ፖርቱጋላዊው ኤጋሽ ሞኒሽ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በደም ቅዳ አስገብቶ ምስል ካነሣ በኋላ ነው። በ1978 ደግሞ ካናዳዊው ሚለር ፊሸርና ባልደረቦቹ ያለ ከባድ አደጋ የሚደርሰውን የአንገት ደም ቅዳ መቀደድ ከምልክቶቹና ከራጅ ምስሉ ጋር አገናዝበው ገለጡ።

በእርግዝና ጊዜ የደሙ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ሆርሞኖች የደም ሥርን ግድግዳ ይለውጣሉ፤ ደሙም በቀላሉ የሚረጋ ይሆናል። በዚህ ላይ የምጥ ግፊትና፣ በአንዳንዶቹ ላይ የሚከሠተው የደም ግፊት ይጨመራል።

በ1996 ስቲቨን ኪትነርና ባልደረቦቹ በባልቲሞርና በዋሺንግተን አካባቢ ባደረጉት ጥናት፣ በደም እጦት የሚመጣው ስትሮክ በእርግዝናው ወራት ከሌላው ጊዜ በልጦ አልተገኘም። ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ግን 8.7 እጥፍ ሆነ፤ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስም 28.3 እጥፍ ደረሰ። የደም ቅዳ መቀደድ ለዚህ ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነው፤ ሕመሙም በጠቅላላው ከስንት አንዲት እናት ላይ የሚደርስ ነው። ሆኖም በ2014 በካሊፎርኒያ የተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ የደም መርጋት ሥጋት እየቀነሰም ቢሆን እስከ 12 ሳምንት እንደሚዘልቅ አሳይቷል።

ስለሆነም አራስ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት ወይም ያልተለመደ የአንገት ሕመም ሲሰማት፣ የዓይኗ ቆብ ሲወርድ፣ አንደበቷ ሲተሳሰር ወይም አንድ ጎኗ ሲዝል፣ የእንቅልፍ እጦትና የድካም ውጤት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ልትደርስ ይገባል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለው ጎረቤት ገንፎውን ይዞ ሲመለስ ስለ ሕፃኑ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ስለ እናቲቱም ራስና አንገት ቢጠይቅ ሕይወት ሊያድን ይችላል።