ከወንዶ ገነት ተራራ እስከ ሐይቃችን

ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ መንገደኛ ከተማችን ከመግባቱ በፊት የጥቁር ውሃን ድልድይ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ጥቁርነቱን ትቶ የዐፈር መልክ ይይዛል። ይህ ዐፈር ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ ወደ ተራራው መውጣት፥ በታሪክም ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል።

በስተምሥራቅ ካለው ከወንዶ ገነት ተራራ ወሻ፥ ወርቃና ሌሎችም ጅረቶች ወደ ጨለለቃ ሜዳ ይወርዳሉ። ጨለለቃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ ወደ 11 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነበረ። ጥቁር ውሃ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይነጥፍ የሚገባለትም ወንዝ እርሱ ብቻ ነው። ሐይቃችን ግን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውምና የገባበት ዐፈር እዚያው ይቀራል።

በጥንት ዘመን ተራራውን ዝግባ፥ ቀረሮ፥ ወንዛና ጥድ ሸፍነውት ነበር። ሰው በመጥረቢያ ቢቆርጥም በትከሻው ወይም በእንስሳ ጀርባ ከሚችለው በላይ ሊያወርድ አይችልም፤ ስለዚህ ትልቁ ዛፍ በክብደቱ ይጠበቅ ነበር ማለት ይቻላል። በሻሸመኔ አካባቢ ደኖች የእንጨት መሰንጠቂያ ሲተከልና ካሚዮን ሲመጣ ግን ይህ ጥበቃ ቀረ። ካሚዮን ደግሞ መንገድ ይፈልጋል።

ዛፍ ቆራጩን ሁሉም ይወቅሳል፤ የእንጨት ሸክም ተሸክማ የምትወርደውን እናት እንኳ የማይወቅስ የለም። መንገዱን ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። ዛፍ የተቆረጠበት ቦታ ሥሩና የረገፈው ቅጠል ገና ዐፈሩን ይዘውት ይቈያሉ። በተራራ ወገብ ላይ የተቀደደ መንገድ ግን ከላይ በኩል ቁልቁለቱን ቈርሶ ራቁቱን ያስቀረዋል፤ መሬቱም በጎማ ተረግጦ ስለሚጠነክር ዝናቡን አይጠጣም። ያልተጠጣው ውሃ በመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ይሰበሰባል፤ ቦዩም ጅረት ሲያገኝ ጭቃውን ሁሉ ያወርድበታል። ግንድ እየተጎተተ የወረደበት ፈለግም ከጊዜ በኋላ ቦረቦር ይሆናል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ደን ውስጥ ተመራምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ያስታወቁ ሊቃውንት፥ ካሚዮን የሚበዛበት የጠጠር መንገድ ከተተወው መንገድ 130 እጥፍ ዐፈር ወደ ጅረት እንደሚልክ ለክተው አግኝተዋል። እኛን እጅግ ያስገረመን ይህ ቍጥር ነው፤ መንገዱ አንድ ዐይነት ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የጎማ መመላለስ ነውና።

በእኛ አገር ግን መንገዱ ብዙ ጊዜ አልተተወም። ግንድ ጫኙ ሲሄድ ገበሬው ገባ፤ ኋላም ጫት ተከለና የጫት መኪና በዚያው ይመላለስ ጀመር። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በየአገሩ ብዙ ደን ጠባቂ አጥቶ ተጨፈጨፈ። ሐዋሳን፥ ወንዶ ገነትንና ሻሸመኔን ይዞ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆነው አገር፥ ከሰማይ በተነሣው ሥዕል እንደ ተለካው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ከመቶ 16 እጅ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ2000 ከመቶ 3 እጅ እንኳ አልሞላም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ዐፈሩን ስለ እኛ ሲቀበል የኖረው ጨለለቃ ነው። ጅረት ሜዳ ሲደርስ ይዘገያል፤ ሲዘገይም የተሸከመውን ያስቀምጣል። እንዲህ እየተቀመጠ ሐይቁ ደለል ሞላው፤ ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ከብት የሚሰማራበት መስክ ነው። ከሞላ በኋላም የሚወርደውን ዐፈር እንደ ቀድሞው ሊያቆም አይችልምና ተረፉ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ያልፋል። ሐይቃችን ከፍ እያለ ከተማዋን ያሰጋበትን ምክንያት አንዳንዶች የዝናም መብዛት፥ አንዳንዶችም ደለል ነው ይላሉ፤ እኛ ሁለቱም ድርሻ አላቸው ብለን እናምናለን። ማታ ማታ የምንንሸራሸርበት የሐይቁ ዳር ግድብም የተሠራው ይህን ውሃ ለመከልከል ነው።

በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ችግኙ ሥር እስኪሰድ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የመንገዱን ቦይ ከጅረቱ ሳይደርስ በየጥቂት ርምጃው ወደ ሣርና ወደ ቍጥቋጦ መመለስ ግን በአካፋና በዶማ በአንድ የበጋ ወራት ሊሠራ ይችላል።