የበቆሎ ረድፍ የሚቆጥረው ልጅ



ኦቲዝም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሕፃን ልጅ ነው። ሕፃኑ አድጎ ጎልማሳ፣ ከዚያም ሽማግሌ እንደሚሆን እንዘነጋለን። ዛሬ የምናካፍላችሁ ኦቲዝም እንዳለበት በሕክምና ታሪክ ቀድሞ የተመዘገበውን ሰው፣ የዶናልድ ትሪፕሌትን ታሪክ ነው።

ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከሰው ይልቅ በሚሽከረከሩ ነገሮችና በቁጥር ይመሰጥ ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላው ወላጆቹ በሐኪም ምክር ከቤት ርቆ ወደሚገኝ የሕፃናት ማቆያ አስገቡት። ከዓመት ገደማ በኋላ ግን የተቋሙን ተቃውሞ አልፈው መልሰው ወሰዱት። በ1938 ባልቲሞር ላለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር አሳዩት። ካነር በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ባሳተመው ጽሑፍ የመጀመሪያው ዶናልድ ነው።

ከ1942 ጀምሮ ዶናልድ ከአንድ ገበሬና ከሚስቱ ጋር ኖረ። ልጁ ሁሉን ካልለካሁ ሲል፣ ጉድጓድ እንዲቆፍርና ጥልቀቱን እንዲነግራቸው አደረጉ። የበቆሎ ረድፍ ደጋግሞ መቁጠር ሲያበዛ፣ እያረሰ እንዲቆጥር ፈቀዱለት። ካነር በ1945 ሄዶ ይህንን በዓይኑ አየ። ባልና ሚስቱ ቁጠራውን አልከለከሉትም፤ ሥራ አደረጉለት።

ዶናልድ በ1958 ከኮሌጅ ተመረቀ። በከተማው ባንክ ለአሥርት ዓመታት ሠራ፣ መኪና ነዳ፣ ብዙ አገር ዞረ። ኦቲዝሙ አልጠፋም፤ ለሚያውቃቸው ሰዎች ቁጥር ይሰጣቸው ነበር። ጋዜጠኞች ሊጠይቁት ሲመጡ የከተማው ሰዎች «እንዳታስከፉት» ብለው አስጠነቀቁ። በ2023፣ በ89 ዓመቱ አረፈ።

ሌሎቹስ? ካነር በ1971 መለስ ብሎ ሲያጣራ፣ በትላልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የተዘጉት የነበራቸውን ችሎታ አጥተው አገኛቸው። እዚያ መግባትን ከዕድሜ ልክ እስራት ጋር አመሳሰለው። እርግጥ የዶናልድ ቤተሰብ ባለጸጋ ነበር፤ ባንኩም የእናቱ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን የጎረቤት አክብሮት በገንዘብ አይገዛም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍታ ለብዙ ልጆች በር ከፈተች። ልጆቹ ግን ያድጋሉ። ኦቲዝም ያለባቸው ጎልማሶች ለጭንቀትና ለድባቴ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጋለጣሉ። መገለል፣ መሳለቂያ መሆንና ራስን ደብቆ ሌላውን ለመምሰል መድከም ያባብሱባቸዋል።

እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ? ሰፍ ላይ ሁሌም አንድ ቦታ ካልቆመ የሚረበሽ ወንድም ካለ ቦታውን እንተውለት። ጫጫታ የሚያስጨንቃትን እህት ሰርግ ላይ ካልቆየሽ አንበላት። ሱቅ ያለን፣ ዕቃ መቁጠርና መደርደር የሚወደውን ሰው እንቅጠር። እንቅልፍና ምግብ አጥቶ ከሰው ሲርቅ ደግሞ «ጠባዩ ነው» ብለን አንለፈው፤ አብረነው ወደ ሐኪም እንሂድ።

ወሏሁ አዕለም።