አከርካሪው ይታሰር፣ ሰውየው ይፈታ

ዛሬ አከርካሪው በቀዶ ሕክምና የተገጠመ ሰው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ዕለት፣ ተደግፎ ከአልጋው ይወርዳል። ከመቶ ዓመት በፊት ይህ እብደት ይባል ነበር። ያኔ ሕመምተኛው ከደረት እስከ ዳሌ በጀሶ ተጠቅልሎ ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዱም ለወራት፣ ይተኛ ነበር። ለውጡን ስናመሰግን አብዛኛውን ጊዜ የምናመሰግነው ብረቱን ነው፤ ብሎንና ዘንግ መጡ፣ ሰውም ተነሣ እንላለን። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ብረቱ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ «አጥንት እንዲገጥም ሰው መተኛት አለበት» የሚለው የቆየ እምነት በማስረጃ ተፈትኖ የወደቀበት ነው። ወደ ሥራና ወደ እንቅስቃሴ መመለስን ያመጣው ሁለቱ መገናኘታቸው ነው።

አከርካሪን የሚያጋጥመው ቀዶ ሕክምና የተጀመረው ለተራ የወገብ ሕመም ሳይሆን ለአከርካሪ ቲቢ ነበር። በሽታው አጥንቱን ሲበላው አከርካሪው ወደ ፊት ይደረመሳል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ እግርም ሊሽመደመድ ይችላል። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የነበረው ተስፋ ዕረፍት ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሊቨርፑል የሠራው ሂዩ ኦወን ቶማስ ዕረፍቱ የማይቋረጥና የረዘመ እንዲሆን አጥብቆ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ አዲስ መንገድ አሳዩ። ሂብስ ከራሱ ከአከርካሪው ስንጥር አጥንት እያነሣ በአንዱና በሌላው መካከል ድልድይ ሠራ። አልቢ ደግሞ ከሕመምተኛው ቅልጥም ላይ ረዘም ያለ ቁራጭ አውጥቶ፣ የአከርካሪውን ሹል ጫፎች ለሁለት ሰንጥቆ፣ ቁራጩን እንደ አናጢ በስንጥቁ ውስጥ ወሸቀው። ቁራጩ ልኩን እንዲጠብቅም ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን የተገጠመለት የኤሌክትሪክ መጋዝ ይጠቀም ነበር። የሁለቱም ሐሳብ ጀሶ የሚሠራውን ሥራ ለሕመምተኛው ለራሱ አጥንት ማስረከብ ነው፤ አከርካሪው ሲታሰር ሰውየው ይፈታል። ነገር ግን አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ማን ይያዘው? የጊዜው መልስ ያው አልጋና ጀሶ ነበር።

ብረቱ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በሂውስተን የሚሠራው ፖል ሃሪንግተን ፖሊዮ ጀርባቸውን ያጣመመባቸውን ልጆች ያክም ነበር። ትንፋሻቸው ለደከመባቸው ለእነዚህ ልጆች የጀሶ ክብደት ሌላ አደጋ ነው። ስለዚህ ከውስጥ የሚያቃና የብረት ዘንግ ሠርቶ ውጤቱን በ1962 አሳተመ። መጀመሪያ ላይ አጥንቱን ሳያጋጥም ብረቱን ብቻ ሲያስገባ ግን ዘንጉን ከአከርካሪው ጋር የሚያያይዘው መንጠቆ ይወልቅ፣ ዘንጉም ይሰበር ነበር። የተማረው ትምህርት ዛሬም ይሠራል፤ ብረት የሚይዘው ለጊዜው ነው፣ ዘላቂው አጥንት ነው። የሚገርመው፣ ዘንጉ ከገባ በኋላም ብዙ ሐኪሞች ሕመምተኛውን በጀሶ ማስተኛታቸውን አልተዉም። ብረት ብቻውን ሰውን የሚያስነሣ ቢሆን ኖሮ አልጋው ያኔውኑ ባዶ በሆነ ነበር። በ1970ዎቹ የሜክሲኮ ሲቲው ኤድዋርዶ ሉኬ ዘንጉን ከየአከርካሪው ጋር በሽቦ ማሰር የጀመረው ግን ገና ከመነሻው ጀሶን ለማስቀረት አስቦ ነው።

የዕረፍትን እምነት ክፉኛ የነቀነቀው ማስረጃ የመጣው ደግሞ ብረት ጨርሶ ካልነካቸው ሕመምተኞች ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በደቡብ ኮሪያ ሁለት ከተሞች የአከርካሪ ቲቢን አጠና። በማሳን ግማሾቹ ስድስት ወር ሆስፒታል ተኝተው፣ ግማሾቹ ከቤታቸው እየተመላለሱ አንድ ዓይነት መድኃኒት ወሰዱ። በፑሳን ደግሞ ተመላላሽ ከሆኑት ልጆች ገሚሱ ለዘጠኝ ወር ጀሶ ለበሱ፣ ገሚሱ አልለበሱም። ውጤቱ በ1973 ሲወጣ አልጋውም ሆነ ጀሶው የጨመረው ጥቅም አልታየም። መተኛት ከጥቅም አልባነት አልፎ እንደሚጎዳም ታውቋል። በ1966 በዳላስ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ያህል ሲተኙ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚያኑ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲመረምሯቸው፣ የሦስት ሳምንቱ አልጋ ከሠላሳው ዓመት እርጅና የባሰ እንዳዳከማቸው ታየ።

«የኮሪያዎቹ እኮ ቀዶ ሕክምና አልተደረገላቸውም» የሚል ቢነሣ ልክ ነው፤ የተቆረጠ አጥንት የራሱ ሕግ አለው። ወጌሻም የተሰበረ ክንድ አስሮ «እንዳታንቀሳቅሰው» የሚለው በከንቱ አይደለም። የተገጠመ አከርካሪ ጠንክሮ እስኪያያዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማጎንበስ፣ መጠማዘዝና ከባድ ዕቃ ማንሣት ይከለከላል። ሲጋራም መግጠሙን ያዘገየዋል። የታሰረው ቦታ ዳግም አይታጠፍም፣ ከላይና ከታች ያሉት መገጣጠሚያዎችም የእሱን ሸክም ይጋራሉ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የአንዱን ቦታ ዕረፍት እንጂ የመላ ሰውነትን መተኛት አይደለም። የቀድሞዎቹ ስሕተት ዕረፍትን መውደዳቸው ሳይሆን ሁለቱን አለመለየታቸው ነው። ወጌሻውም ቢሆን ክንዱን ያስራል እንጂ ሰውየውን «ተኛ» አይለውም።

ይህ ልዩነት ዛሬ በዓይን የሚታይበት አንዱ ቦታ የጋናዋ አክራ ነው። ጀርባቸው በቲቢ ወይም በሌላ ምክንያት ክፉኛ የጎበጠ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ከአዲስ አበባ ወደዚያ እየተላኩ ታክመዋል። ጉብጠቱ የጠናበት ልጅ ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ራሱ ላይ የብረት ቀለበት ይታሰርለታል፤ ቀለበቱም በገመድና በክብደት ወደ ላይ እየተሳበ አከርካሪውን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቀስ በቀስ ያቃናል። በድሮው ልማድ ይህ ልጅ አልጋው ላይ ተቸንክሮ የሚከርም ነበር። አሁን ገመዱ ከተሽከርካሪ ወንበርና ጎማ ካለው መደገፊያ ጋር ይያያዛል። አከርካሪው እየተሳበ ልጁ ይራመዳል።