ማስተርጐምና ማዳመጫ፤ ከግሽ ዓባይ እስከ አፍሪካ አዳራሽ

ንግግር ገና በመነገር ላይ ሳለ በሌላ ቋንቋ ተተርጕሞ ወደ አድማጭ ጆሮ የሚደርስበት አሠራር ዕድሜው ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም አይበልጥም። ማስተርጐም ራሱ ግን ቋንቋዎች መጐራበት ከጀመሩበት ዘመን የሚቈጠር ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአሠራሩን ታሪክ በአጭሩ እናወሳለን፤ ከዚያም በአማርኛ የሚጠራባቸው ስያሜዎች ተለይተው ባለመወሰናቸው የሚደርሰውን ችግር እናመለክታለን።

1. ስለ ቃሉ

«ተርጐመ» ከጥንታውያን የሴም ቋንቋዎች ጋራ የምንጋራው ቃል ነው። በአካድኛ «ተርጉማኑ»፣ በአራማይክ «ታርጉም»፣ በዐረብኛ «ተርጁማን» ይገኛል። ግእዝ «ተርጐመ፣ ትርጓሜ» ብሎ ለአማርኛ አውርሶታል። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ኀይለ ቃል በግእዝ ካነበበ በኋላ በአማርኛ ያፍታታዋል፤ «አንድም» እያለም ምሥጢሩን ያበዛዋል። ይህ ንባብን አስቀድሞ ትርጓሜን የሚያስከትል ሥርዐት ነው።

«አስተርጓሚ» የሚለው ቃል ግን ልዩ አስተያየት ይሻል። በርባታው ሕግ «አስተረጐመ» አስደራጊ ግሥ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ሲፈታ አስተርጓሚ ማለት ሌላው እንዲተረጕም የሚያደርግ፣ ማለት ባለ ጉዳዩ ነው። ልማድ ግን ስያሜውን ከባለ ጉዳዩ አንሥቶ በሁለት ተነጋጋሪዎች መካከል ለሚቆመው ሰው ሰጥቶታል። ዛሬ በጽሑፍ የሚሠራውን «ተርጓሚ»፣ በቃል የሚሠራውን «አስተርጓሚ» ብሎ መለየት ተለምዷል። ልዩነቱ ከግሡ ርባታ ሳይሆን ከአገልግሎት የተገኘ ስለሆነ ሊጸና የሚችለው መዝገበ ቃላት ሲደግፈው ነው።

2. ግሽ ዓባይ

የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ሰከላ ከመጡት የውጭ አገር ሰዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1618 የደረሰው ፔድሮ ፓኤዝና በኅዳር ወር 1770 የደረሰው ጄምስ ብሩስ ይታወቃሉ። ብሩስ በመጣበት ዘመን የጐንደር ቤተ መንግሥት የሚናገረው አማርኛ ሲሆን የምንጩ ባላገሮች አገዎች ነበሩ። በአካባቢው ጋፋትኛም ይነገር ነበር። እንዲህ ባለ አገር መንገደኛም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ ዳኛም ያለ አስተርጓሚ ብዙ ርቀው አይሄዱም።

ከዚያ ዘመን ትርጉም ለእኛ የተረፈው ግን የጽሑፉ ብቻ ነው። ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛና በአገውኛ ጭምር አስተርጕሞ ይዞ ሄዷል። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የተቀመጠውን የጋፋትኛ ቅጂ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 መርምሮ አሳተመው። ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ጐጃም መጥቶ በብዙ ፍለጋ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ጋፋትኛ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። በዚያ አገር በየገበያውና በየችሎቱ ጋፋትኛን ወደ አማርኛ ሲመልሱ የኖሩት ሰዎች ሥራ ከንግግሩ ጋራ ጠፍቷል። ስለ ማስተርጐም ታሪክ ስንጽፍ የምንጭ እጥረት የሚገጥመን ስለዚህ ነው፤ ተርጓሚ መጽሐፍ ሲተው አስተርጓሚ ግን የሚተወው ነገር የለም።

3. የስልኩ ዘመን

እ.ኤ.አ. እስከ 1920ዎቹ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች የሚሠራበት ተናጋሪው ሲያበቃ አስተርጓሚው ማስታወሻውን ይዞ ንግግሩን ከመጀመሪያው የሚደግምበት ስልት ነበር። ጉባኤው ቋንቋ በጨመረ ቍጥር ጊዜው በዚያው ልክ ይረዝማል። ነጋዴው ኤድዋርድ ፋይሊንና መሐንዲሱ ጎርደን ፊንሌይ በስልክ መሣሪያ አማካይነት በአንድ ጊዜ የማስተርጐምን ሐሳብ አፈለቁ፤ በ1927 በዤኔቭ በዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ ተሠራበት።

አሠራሩን ዓለም ያወቀው ግን በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ነው። ከኅዳር 1945 ጀምሮ ችሎቱ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩስኛና በጀርመንኛ በአንድ ጊዜ ይካሄድ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ማዳመጫውን አጥልቆ የፈለገውን ቋንቋ በመቀየሪያ ይመርጣል። ተናጋሪው ሲፈጥን ቢጫ መብራት፣ እንዲያቆም ሲፈለግ ቀይ መብራት ይበራ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1947 ይህን ስልት ቋሚ አገልግሎት አደረገው።

ወደ አገራችን የገባው ከአህጉራዊ ድርጅቶች ጋራ ነው። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አፍሪካ አዳራሽ በጥር ወር 1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በዚሁ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። የቻርተሩ 29ኛ አንቀጽ የሥራ ቋንቋዎች «ቢቻል» የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይሆናሉ ይላል። «ቢቻል» የምትለው ቃል ብዙ ዓመት ሥራ ፈትታ ቆይታለች። የአፍሪካ ኅብረት ኪስዋሂሊን በሥራ ቋንቋነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ስልቱ ለአማርኛ ተናጋሪው ዋና ከተማ ስድሳ ዓመት ያህል ጎረቤት ሆኖ ሲኖር የሙያው ቃላት በአማርኛ ሳይወሰኑ የቀሩት፣ ከእስተርጓሚው ጎጆ የሚሰማው ቋንቋ በአመዛኙ የውጭ ስለነበረ ነው እንላለን።

4. ሽቦ የሌለው ማዳመጫ

የመጀመሪያዎቹ ማዳመጫዎች በሽቦ ከወንበር ጋራ የተያያዙ ስለነበሩ ስልቱ ከተዘጋጀለት አዳራሽ አይወጣም ነበር። በኋላ ድምፁን በታሕተ ቀይ ብርሃን ወይም በራዲዮ ሞገድ የሚያሰራጩ መሣሪያዎች መጡ። የብርሃኑ ከግድግዳ ስለማያልፍ ምሥጢር ለሚጠበቅበት ስብሰባ ይመረጣል፤ ደማቅ ፀሐይ ግን ያውከዋል። የራዲዮው ከግድግዳ ውጭ ሊደመጥ ይችላል፤ ነገር ግን በመስክ ያገለግላል። አስተርጓሚው ትንሽ ማይክሮፎን ይዞ ከቡድኑ ጋራ እየተጓዘ በዝቅተኛ ድምፅ ሲናገር ተቀባይ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ይሰማዋል። እንግዲህ ስልቱ ከአፍሪካ አዳራሽ ወደ ፍኖተ ሰላም ችሎትና ወደ ቡሬ የገበሬዎች ስብሰባ ሊሄድ የሚችልበት መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው።

የሰዋስው ነገርም አለ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያደርጋል። «የቀበሌው ሰዎች የቀረበላቸውን የመሬት ክፍፍል ከብዙ ክርክር በኋላ አልተቀበሉትም» ሲባል፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው መቀበላቸውን ወይም እንቢ ማለታቸውን የሚያውቀው በመጨረሻው ቃል ነው። በኑረምበርግም የጀርመንኛ አስተርጓሚዎች በዚሁ ተቸግረዋል። አዊኛ ግን እንደ አማርኛ ግሡን በመጨረሻ የሚያመጣ ስለሆነ ከአማርኛ ወደ አዊኛ የሚመልሰው ሰው የንግግሩን ተራ ሳይፈታ አብሮ ሊጓዝ ይችላል። ከቃል ተራ አንጻር በጐጃም ምድር በአንድ ጊዜ ማስተርጐም ከአዲስ አበባው ይልቅ የቀለለ ነው።

5. ስለ ስያሜው

ጉዳዩ የቃል ማጌጥ ብቻ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 20ኛ አንቀጽ፣ የተከሰሰ ሰው በማይገባው ቋንቋ የሚካሄደው ክርክር በመንግሥት ወጪ እንዲተረጐምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አስተርጓሚው ለተከሳሹ የቀረበለትን ጥያቄ ብቻ ቢመልስለት፣ ምስክሩ ለዐቃቤ ሕግ የሚናገረው፣ ጠበቃውም ከዳኛው ጋራ የሚከራከረው ሁሉ ያልፈዋል። ሁለቱም አሠራር በአንድ ቃል «ማስተርጐም» ስለሚባል መዝገቡ «ተተርጕሞለታል» ብሎ ሲዘጋ ልዩነቱ አይታይም።

ስለዚህ ንግግሩ ሲያበቃ የሚከተለውን «ተከታይ ማስተርጐም»፣ ከንግግሩ ጋራ የሚሄደውን «አብሮ ማስተርጐም»፣ ያለ መሣሪያ በጆሮ የሚነገረውን «የሹክሹክታ ማስተርጐም» ማለት ይሻላል። «ቅጽበታዊ» የሚለው በአንዳንዶች ዘንድ ቢሠራበትም ፍጥነትን እንጂ አብሮነትን አያሳይም፤ አስተርጓሚውም ሁልጊዜ ጥቂት ቃላት ወደ ኋላ እንደሚቀር የታወቀ ነው። ለመሣሪያው «ማዳመጫ» ይጽና፤ «መስሚያ» ለመስማት ለተቸገሩ ሰዎች መሣሪያ ይለቀቅ፤ መስማት ሳያስቡት ይሆናል፣ ማዳመጥ ግን አስቦ ነውና። «ድምፅ ማጉያ» አንዳንዴ ለሚናገሩበት፣ አንዳንዴም ድምፁ ለሚወጣበት መሣሪያ ስለሚነገር የመጀመሪያው «ማይክሮፎን» ቢባል አሻሚነቱ ይቀራል።

በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ የፌዴራሉን የሥራ ቋንቋዎች ወደ አምስት ከፍ እንዲሉ አስቧል። ቋንቋዎቹ በአንድ ሸንጎ የሚደመጡበት መሣሪያ አለ፤ ሠልጣኙ አስተርጓሚ ግን የሚማርበትን ሙያ በስሙ ሊጠራው ይገባል። ከላይ ያቀረብናቸውን ስያሜዎች በችሎትና በጉባኤ የሚሠሩ ባለሙያዎች በሥራ ፈትነው እንዲያርሙልን እንጠይቃለን።